አንድ ሚሊ ሜትር ያጠረው ፒስተን

መቱ ውስጥ ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ጋሼ ረጋሳ ቱታ ሰጡኝና አንድ ሳጥን ሙሉ አሮጌ ፒስተን ፊቴ ዘረገፉ። የጋራዡ ባለቤትም ዋና መካኒክም እሳቸው ነበሩ። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነው። ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ «ጸሐፊ ስንፈልግ እንጠራሻለን» ተብዬ ስለነበር እሳቸውም ይቀጥሩኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

«እነዚህን በየዓይነታቸው ለዪልኝ» አሉኝ።

በስፋታቸው ደረደርኳቸው። መጥተው ሁለቱን አነሱና ጎን ለጎን አቆሟቸው።

«ስፋታቸው አንድ ነው፤ የሞተራቸው ዓይነት ግን ይለያያል። የፒኑን ቀዳዳ እዪው።»

እውነትም በአንደኛው ላይ ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ፒስተኑ አናት ጠጋ ብሏል። ልዩነቱ በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል።

ሞተር በራሴ ኃላፊነት የተሰጠኝ ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በአንድ ክረምት ነው። መኪናው የእትዬ ዘይነባ ነበር። እትዬ ዘይነባ የመቱ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በአንዲት የናፍጣ ፒክአፕ ጨውና ሳሙና ወደ ዳሪሙ እየላኩ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ፒክአፗ ስትመለስ ሰው ትጭናለች፤ በዚያ መንገድ ሌላ መኪና እንደልብ አይገኝም።

ሞተሩ ሌላ ቦታ ከታደሰ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይል ጀመር። ከሞቀ በኋላ ይሠራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ነጭ ጭስ እየተፋ ይቀራል። ሾፌሩ ሁልጊዜ ቁልቁለት ፈልጎ ነበር የሚያቆመው። አንድ ዝናባማ ጠዋት ምጥ የያዛት ሴት ተሳፍራ አልነሳ አለ፤ ቢገፋም እምቢ አለ። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እናትም ልጅም ተረፉ። እትዬ ዘይነባ ግን ከዚያ በኋላ መኪናዋን ማየት አስጠላቸው።

«ጎሬ ገዢ አለኝ» አሉ ጋራዥ ሲያመጧት። «እናንተም ካልቻላችሁ ትሸጣለች።»

ባትሪውም የናፍጣ ፖምፓውም ቀድሞ ተቀይሮ ነበር። የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካሁ፤ አራቱም እኩል ዝቅ ብለዋል።

ጋሼ ረጋሳ አሰብ አደረጉና፣ «የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቆ ቢሆን አንዱ ከሌላው ይለይ ነበር። አራቱ እኩል ከወረዱ ሲገጠም የተሳሳተ ነገር አለ። ክፈቺው፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረድኩ። የፒስተኖቹን አናት በነጭ ጋዝና በእንጨት ፍቄ ጥላሸቱ ሲለቅ ከሥሩ የወጣው ምልክት የዚያ ሞተር አልነበረም። አንዱን አውጥቼ ከፒኑ መሐል እስከ አናቱ ለካሁት። መሆን ከሚገባው አንድ ሚሊ ሜትር ያጥራል።

«ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ሚሊ ሜትር ነው?» አሉ ጋሼ ረጋሳ።

በሲሪንጅ ዘይት እየጨመርኩ በቴስታታው ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ለካሁ። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ በላዩ የሚቀረው ቦታ ሠላሳ ሲሲ መሆን ሲገባው ሠላሳ ስድስት ሆነ። ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ ሲሄድ የሚጠርገው ስድስት መቶ ሲሲ ነው። ሁለቱን ደምሮ ለቀረው ቦታ ማካፈል ነው፤ ኮምፕሬሽን ሬሾ የሚባለው ይኸው ነው። ሃያ አንድ መምጣት የነበረበት አሥራ ስምንት እንኳ አልሞላም። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነውና በቀዝቃዛ ጠዋት ያ አይበቃውም።

ጋሼ ረጋሳ ስሌቱን ራሳቸው ደግመው ሠሩት። ከዚያ አዲስ ፒስተን ከአዲስ አበባ አዘዙ።

ዕቃው የደረሰ ዕለት እትዬ ዘይነባም መጡ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። አንዱን አውጥቼ ስለካው ግን ያው አጭሩ ሆኖ አገኘሁት። ሌሎቹም እንደዚያው።

«እነዚህም አይሆኑም» አልኩ።

«ሳጥኑ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ልጅቷ ገና እየተማረች ነው። ረጋሳ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ግጠምልኝና ልሂድ!»

ጋሼ ረጋሳ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ከእጄ ወስደው ራሳቸው ይለካሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢወስዱ አይከፋኝም ነበር። እሳቸው ግን ፒስተኖቹን ወደ ሳጥኑ መለሱና ክዳኑን ዘጉት።

«ለክታ አይሆንም ብላለች። አይገጠምም።»

እትዬ ዘይነባ ሳይሰናበቱን ወጡ። ለገዢው ሳይደውሉ አይቀሩም ብዬ ስሰጋ ሰነበትኩ።

የተሳሳቱትን መልሰን ትክክለኞቹ ሲመጡ ለክቼ ገጠምኳቸው። ስሌቱ ሃያ አንድ ሰጠኝ። መኪናዋን ሆን ብለን ቁልቁለት በሌለበት ሜዳ ላይ አሳደርናት። ጠዋት ጉም ወርዶ መስታወቱ ረጥቧል። አስጠርተናቸው የመጡት እትዬ ዘይነባ ሾፌሩን አስወርደው ራሳቸው ገቡና ቁልፉን አዞሩ። ወዲያው ተነሳች። አጠፏት፤ እንደገና አስነሷት።

ወርደው እጄን ከነግራሶው ያዙኝ። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ ምስጋናቸው ነው። መኪናዋን አልሸጡም። ከዚያ ወዲያ ሾፌሮች እየመጡ «ሴቷ መካኒክ የታለች?» ማለት ጀመሩ።

ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ጋሼ ረጋሳ ጡረታ ላይ ናቸው፤ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ወጣት መካኒኮች ከእሳቸው ምን እንደተማርኩ ይጠይቁኛል። ፒስተን ሳይለካ አይገጠምም እላቸዋለሁ። ሠራተኛዬ ለክቶ አይሆንም ካለ ደግሞ፣ ደንበኛው የፈለገውን ያህል ቢቆጣ፣ ሥራው ይቆማል።