ከአውሮፓው ቱር ስመለስ የያዝኩት አደራ

ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ይዤ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔ የሆኑት የመድረክ ቀሚሶቼ፣ አንድ ጫማና የጉልበት ማሰሪያ ብቻ ናቸው። የቀረው በሙሉ የሰው ነው።

የተወለድኩት ቡታጅራ ነው። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ እንሴኖ ገበያ ከገበሬው ይገዛና ቡታጅራ ያራግፋል፣ ከዚያ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ይጭናል። ቤታችንና መጋዘኑ በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኙ አዲስ በርበሬ በገባ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ሲያስነጥስ ይከርማል። ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራምና ሻካራ ነው። ታላቅ እህቴ «በርበሬው ነው ጉሮሮዋን የጠበሰው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሰዓት እላፊው ተነስቶ አዲስ አበባ የምሽት ክለቦች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን ለትምህርት ብዬ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ዘፋኝ ሆኜ ቀረሁ። አባቴ አልረገመኝም፤ አልመረቀኝምም። ሰው ሲጠይቀው «አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች» ይላል፤ የምን ሥራ እንደሆነ ግን አይጨምርም። መስጊድ አብረውት የሚሰግዱት ሰዎችም ያውቃሉ፤ አውቀው ዝም ይሉለታል።

ክለቡ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካሴት እያዋሰኝ «ይሄ ሶል ይባላል፤ ቃሉ ባይገባሽ ግድ የለም፣ ትንፋሻቸውን ስሚ» ይለኝ ነበር። እኔም ሰማሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ከሆድ የሚወጣ ዘፈን ለድምፄ እንደሚስማማ ያወቅኩት ያኔ ነው። የራሴን ካሴት ስሠራ ዘፈኖቹ ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። አሳታሚው ግን አዳመጠና «አንድ ጉራጊኛ ካልገባበት ማን ይገዛዋል? ደግሞ የቡታጅራ ልጅ ሆነሽ» አለኝ። ጉራጊኛዋን በአንድ ቀን ከሰዓት ቀረፅናት፤ በየሚኒባሱና በየሠርግ ቤቱ የተከፈተችው እሷ ሆነች።

ቱሩን ያዘጋጀው ሰው የመጣው በእሷ ምክንያት ነው። ዱባይ፣ ሮም፣ ስቶክሆልም፣ ለንደን፣ መጨረሻ ላይ ፍራንክፈርት። ፖስተሩ ላይ ፎቶዬ አፌን ከፍቼ ነው፤ ከሥሩ «የሶሏ ድምፅ» ይላል። ያን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀስ ያለውን ዘፈኔን ፈልገው የጠሩኝ መሰለኝ።

ዱባይ በመጀመሪያው ዘፈን ሰው ወሬውን አላቋረጠም። ሁለተኛውን ስጀምር ከኋላ አንዱ «ጉራጊኛ!» አለ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። አዘጋጁ ከመድረኩ ጎን ቆሞ ጣቱን እንደ መንኮራኩር ያዞርልኛል፤ ቶሎ በይ ማለቱ ነው። ጉራጊኛዋ ስትጀምር አዳራሹ ተነሳ። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ፣ እያጨበጨብኩ፣ እየዘለልኩ ስጨፍር የሰዉ ደስታ እኔም ላይ ተጋባ። ደግመን ተጫወትናት፤ ሠለስናት።

ሮምም እንደዚያው ሆነ። ስቶክሆልም ስንደርስ ግን ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ሱሪ አላስገባ አለኝ። ቀኑን የማሳልፈው በሆቴል ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀሚሴን የእጅ መታጠቢያው ላይ አጥብና ማሞቂያው ላይ አሰጣዋለሁ፤ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ በረዶውን አያለሁ። በየትኛው ከተማ እንዳለሁ የማውቀው ከቁርሱ ዳቦ ነበር። ኪቦርድ ሊጫወት አብሮኝ የዞረው ጋሼ ሻሽ ውስጥ በረዶ ቋጥሮ ያመጣልኛል፤ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ እይዘዋለሁ።

ወደ አዳራሹ የሚወስደን መኪና ውስጥ አዘጋጁ ዞር ብሎ «ዛሬ ዘገምተኞቹን ዘፈኖች ተያቸው» አለኝ። «በጭፈራው ግቢ፣ በጭፈራው ውጪ።»

«ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል።»

«አይቻለሁ፤ አዝናለሁም። ግን ሕዝቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ሰንብቶ ነው የሚመጣው። ለናፍቆትማ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይናፍቅም?»

ክፉ ሰው አልነበረም። የተናገረውም እውነት ነበር።

«ከወገብ በላይ ብቻ ጨፍሪ» አለ ጋሼ።

«ጉራጊኛ ከወገብ በላይ የለም» አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

በየከተማው በማግስቱ ጠዋት የሆቴሉ በር ላይ ሰዎች ይጠብቁኛል። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። «ቡታጅራ ነሽ አይደል? እናቴ ቡኢ ናት፤ ትንሽ ነገር ናት፣ አትከብድሽም።» ጫማ፣ መነጽር፣ የሕፃን ልብስ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ፎቶ። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን እምቢ ማለት አይቻልም። ለንደን ላይ አንደኛው ሻንጣ ሞላ፤ ፍራንክፈርት ላይ ጋሼ ሁለተኛ ሻንጣ ገዝቶ ሰጠኝ።

ቡታጅራ ገብቼ እህቴ ቤት ተኛሁ። ቀንም ሌሊትም ተኛሁ። ስነቃ እህቴ ቅቤ እያሟሟች ጉልበቴን ታሸኛለች፤ መልሼ እተኛለሁ። አባቴ እየመጣ ከበሩ ጋ ይቆምና «አልተነሳችም?» ብሎ ጠይቆ ይመለሳል። አንድ ቀን ነቅቼ አገኘኝ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በመስቃንኛ ነው፤ እዚህ ላይ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ይሄ ሁሉ ሻንጣ የማን ነው?» አለኝ።

«የሰው አደራ ነው አባባ። ቡኢ የሚደርስ አለ፣ እንሴኖ አለ፣ ወልቂጤም አለ።»

ሻንጣዎቹን ዞሮ አያቸው። «አደራ ከሆነ አይቀመጥም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ መጣ። አብሬሽ ልሂድ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሻንጣውን የሚሸከም ሰው ጠርቶ ወደ መናኸሪያ ተነሳን።

ቡኢ ላይ ጫማውን የላከው ልጅ እናት ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳትከፍተው «ልጄ ወፍሯል?» አለችኝ። ልጇን ያየሁት ስቶክሆልም፣ የሆቴሉ በር ላይ፣ ለደቂቃ ነው። የሱፍ ቆቡ እስከ ቅንድቡ ወርዷል።

«ፊቱን በደንብ አላየሁትም እናቴ፤ ቆብ አድርጎ ነበር» አልኳት። «ቆቡ ግን የሱፍ ነው። ይሞቃል።»

«ቆብ ያደርጋላ!» አለች። ጎረቤቷን ጠርታ ለእሷም ነገረቻት፤ ቆቡ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረም ጠየቁኝ። ቡናማ ነበር።

እንሴኖ ላይ የደም ግፊት መለኪያው የተላከላቸው ሽማግሌ የአባቴ የድሮ ደንበኛ ሆነው ተገኙ። «አሰላሙ አለይኩም» ተባብለው ከተቃቀፉ በኋላ ስለ ዝናብ፣ ስለ በርበሬ በሽታ፣ ስለ አዲስ አበባ ደላላ ማውራት ጀመሩ። መለኪያው ሳይከፈት ጎናቸው ተቀምጧል። እኔን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። አባቴ በከዘራው ጫፍ ጫማዬን ነካ አድርጎ ሲቀሰቅሰኝ የሁለቱም ጨዋታ አልቆ ነበር።

ተራራውን አቋርጦ ወደ ወልቂጤ የሚሄደው መንገድ ለጉልበቴ አይሆንም ብሎ አባቴ በአዲስ አበባ በኩል አዞረኝ። ወልቂጤ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። የቀረችኝ አደራ አንዲት ናት፤ ፍራንክፈርት ያለች ልጅ ለእናቷ የላከችው ሹራብና ፎቶ። ቤቱን እየጠየቅን አገኘነው። እናትየው ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ ያሰሩ፣ አማርኛቸው የሰባት ቤት ጉራጌ ቃና ያለው ሴት ናቸው። አባቴን አዩትና ሳይጠየቁ «ሥጋ የለበትም አባቴ፤ ቆጮ ነው፣ በአይብና በጎመን ነው፤ ያለ ሐሳብ ይብሉ» አሉት። አባቴም አመስግኖ በላ።

ሹራቡን አሽትተው አጠፉት። ከዚያ «አየሻት?» አሉኝ።

ሌላ ቤት ቢሆን የምነግረው፣ ቆብም ይሁን ሌላ ነገር፣ አገኝ ነበር። እዚህ ግን ምንም አልነበረኝም። ዕቃውን የሰጠችኝ ጓደኛዋ ናት።

«አላየኋትም እናቴ» አልኩ።

«ዘፈንሽን ልትሰማ አልመጣችም?»

«ሥራ ላይ ነበረች አሉኝ። አሮጊት ነው አሉ የምትጠብቀው። ትታ መውጣት አይሆንላትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶውን አነሱ፣ አስቀመጡ።

«እሷ ካልሰማች እኔ ልስማላት» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሲገባኝ አባቴን አየሁት። በፊቱ ዘፍኜ አላውቅም። ለከሰዓቱ ስግደት፣ ለአስር ሰላት፣ የሚነሳበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ታጥቦ ውዱ ሊያደርግ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከዘራውን ያዘ፤ አልተነሳም።

መነሳት ስለማልችል እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነው የዘፈንኩት። ጉራጊኛዋን አይደለም፤ በየአዳራሹ ሳትጨረስ የቀረችውን፣ የመጀመሪያዋን ቀስ ያለች ዘፈን። ኪቦርድ የለም፣ ማይክ የለም። ድምፄ ደክሞት ነበር፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ አልወጣልኝም፣ ዝቅ አድርጌ አለፍኩት። እናትየው ፎቶውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አይብ ጨመሩልን። አባቴ ወጥቶ ውዱ አደረገና ጓሮ ሰገደ።

እዚያው አደርን። ጠዋት እናትየው «ይሄን እግር ይዘሽማ አትሄጂም፤ አታት ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ይዩልሽ» ብለው ሸኙን። ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ከጎኔ ተቀምጧል። መንገዱ ሲጋመስ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ነው እዚያ የምትዘፍኚላቸው?»

«እሱን አይፈልጉትም አባባ።»

«ታዲያ የሚፈልጉት ምኑን ነው?»

«ጭፈራውን።»

በመስኮቱ የሚያልፈውን የእንሰት ጓሮ እያየ ትንሽ አሰበ። «ጭፈራማ እዚህም አለ። ለዚያ ነው ያን ሁሉ አገር የዞርሽው?»

ቀልዶ ይሁን አዝኖ አላወቅኩም። ትከሻው ላይ ራሴን ጣል አደረግኩ፤ አልሸሸም።

አታት ብዙ ወረፋ ጠብቀን ገባን። ያየችኝ ሴት ጉልበቴን ወዲህ ወዲያ እያደረገች «ወድቀሽ ነው? ከባድ ነገር ተሸክመሽ ነው?» አለችኝ። እንዴት እንደምነግራት ሳወጣና ሳወርድ አባቴ ከኋላዬ «ዘፋኝ ናት» አለ። «ስትጨፍር ነው የጎዳችው።»

በሕይወቴ ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። የተናገረውም ሐኪሟ የጠየቀችውን ለመመለስ ነው፤ ልክ «ትኩሳት አላት፣ አልበላችም» እንደሚባለው። ሐኪሟ ጻፈችው። ፋሻና መድኃኒት ሰጥታኝ «መዝለል፣ መንበርከክ፣ መጨፈር የለም» አለች። «እስከ መቼ?» አልኳት። «እኔ ብሆን ጭራሽ እተወው ነበር» አለችኝ።

አዘጋጁ የደወለልኝ ቡታጅራ እያለሁ ነው። ሌላ ቱር፣ የአሁኑ አሜሪካ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«እሄዳለሁ፤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምዘፍነው» አልኩ።

«ጉራጊኛ በወንበር?»

«ጉራጊኛዋ አትኖርም።»

ድምፁ እንደ ተናደደ ሰው ሳይሆን ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ነበር። «እስቲ ልነጋገርና እደውልልሻለሁ» አለ። አልደወለም። በኋላ ሌላ ልጅ ይዞ እንደሄደ ሰማሁ፤ ወጣት ናት፣ ጥሩ ትጨፍራለች አሉ። ቅናት ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ለጉልበቷ ማሰብ ነው።

ቡታጅራ ክረምቱን ጨረስኩ። አባቴ ስለ ዘፈን ዳግመኛ አላነሳም፤ መንገድ ላይ ሰው «ልጅህ ምን ሆና ነው የምታነክሰው?» ሲለው ብቻ «ሥራዋ ነው» ይላል። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሼ አንዲት ትንሽ የምሽት ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ ያሉትን መዝፈን ጀመርኩ። የሚሰሙኝ ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም ግማሾቹ ያወራሉ።

ጋሼ ከአዲሷ ልጅ ጋር አሜሪካ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ደወለልኝ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ደከመኝ» አለ።

ቅዳሜ ሥራ እንዳለኝ ነገርኩት፤ እመጣለሁ አለኝ፤ መጣም።