ያልቀረችባቸው ሦስት ቀናት

አመተ ሥላሴ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችው የአክስቷን ልጆች ልታሳድግ ነበር። ልጆቹ አድገው ተማሩ፤ እሷ መጥረጊያ ይዛ ቀረች። እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ያንኑ መጥረጊያ ስለያዝኩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት አብረን አጽድተናል፤ ሁለታችንም በኮንትራት። ዘንድሮ አንድ የቋሚ ቦታ ተገኘና ለእሷ ተባለ፤ ያለፈቃድ የቀረችበት ቀን ከሌለ ነው ታዲያ።

እሷ ደግሞ አትቀርም። እግሯን የፈላ ውሃ አቃጥሏት እንኳ እያነከሰች ወለል ወልውላለች። ከሥራ የራቀችው ለወሊድ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ቀን ከመውለዷ በፊት፣ ዘጠና ቀን ከወለደች በኋላ። መጋቢት ዐሥር ወጣች፤ ሚያዝያ ዐሥር ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እናትየው ከዚያ ላይ ዐሥር ቀን ቆጥራ ሐምሌ ዐሥር ጠዋት፣ በዚያ ዝናብ፣ ሥራ ገባች።

በሳምንቱ የሠራተኛ ጉዳይ የሚይዘው አቶ ድረስ ቢሮው ጠራት። እኔ መስኮቱን እየወለወልኩ ነበር።

«ከወሊድ ፈቃድሽ ሦስት ቀን አሳልፈሻል» አላት፣ ቆሎ እየቆረጠመ፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ።

«ኧረ በሥላሴ! ልጄ በሰማንያዋ ተጠመቀች፤ ዐሥር ቀን ቆይቼ ገባሁ። ቄሱን ይጠይቁ።»

«ኮምፒዩተር ቄስ አይጠይቅም።»

«እርስዎስ አይቆጥሩም?»

በጣቱ ወር በወር ቆጠረና ሳቀ። የቆሎው ፍርፋሪ ከአፉ ተፈናጠረ። «ልክ ነሽ። እኔ የእኛን ቀን አስገባሁለት፤ እሱ የፈረንጅ መስሎት አንዳንዱን ወር ሠላሳ አንድ አድርጎ ቆጥሮታል።»

አመተ ሥላሴ እፎይ አለች። «እንግዲያማ ያስተካክሉልኛ!»

«ሪፖርቱ እኮ ሄዷል። ተሳስቻለሁ ብዬ በራሴ ላይ ልጻፍ? ይልቅ አንቺ ‹ሦስት ቀን ስለቀረሁ ይቅርታ ይደረግልኝ› ብለሽ ጻፊ። በይቅርታ ይታለፍልሻል።»

ስትወጣ ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

«እንዳትጽፊ! ያልበላሽውን ልትተፊ ነው?»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ አልወለድሽ። ልጄን በኮንትራት ላሳድጋት?»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች። አቶ ድረስ አነበበው። ከዚያ፣ ፊቱ ሳይቀላ፣ «ጎበዝ። ለወደፊቱ ቀን አክብሪ» አላት።

«እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ምነው ሦስቱን ቀን ተኝቼ ባጠባኋት ኖሮ!» አለች። ሳቀች ደግሞ። እኔ አልሳቅኩም።

በመስከረም ቋሚ ሆነች። እኔ ያን ሰው ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» ማለት ይቀፈኛል። ግን እላለሁ፤ እኔ ገና ኮንትራት ነኝ።