እትዬ አስቴር «መብራት መጣ» ሲሉ

ዛሬ ከሰዓት መብራት በጠፋበት ሰፈራችን፣ ሴቻ፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስቴር አምፖል በእኛ ጀነሬተር በራ። ከእኛ ጨው እንጂ መብራት ተበድረው አያውቁም።

ባለቤቴ ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርቶ ጀነሬተሩን ሳሎን ካለው ሶኬት ጋር አገናኝቶታል። ዋናውን ብሬከር ግን አላጠፋውም፤ ስለዚህ ኃይሉ ከቤታችን አልፎ ወደ መንገዱ ሽቦ ይወጣል።

ጀነሬተሩ ሲያቃስት «ትንሽ ነው፣ ፍሪጅ አይችልም» እያልን እናማዋለን። ለካ የጎረቤትንም ቤት ተሸክሞ ነው።

ደጃችን ያለው ምሰሶ ላይ ደግሞ የማንጎ ቅርንጫፍ የበጠሰውን ሽቦ ሊቀጥል የወጣ ሠራተኛ አለ። ከትራንስፎርመሩ አጥፍቶ ስለወጣ ሽቦውን አምኖታል።

እትዬ አስቴር እንደ ሁልጊዜው «መብራት መጣ» ብለው ጮኹ። ሰውየው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

ወርዶ በራችንን አንኳኳ። «እህቴ፣ ጀነሬተር አላችሁ እንዴ?»

«አዎ» አልኩት፣ ኩራት ቢጤም እየተሰማኝ።

ደጃፋችን ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ስሰጠው «ያ ሽቦ ከእናንተ ቤት ኃይል ይዞ ነበር፣ ልነካው ስል ነው የጮኹት» አለኝ።

ሲሄድ «በሶኬት ወደ ቤት መስመር አታስገቡ» አለን። «ፍሪጁን በቀጥታ ጀነሬተሩ ላይ ሰኩት። መጀመሪያ ብቻውን ይነሳ፣ ከዚያ አምፖል ጨምሩ። ምድጃ አትሞክሩ።»

እንዳለው ስናደርግ ያው ትንሽ ጀነሬተር ፍሪጁን ያለ ችግር አስነሳው።

ማምሻውን እትዬ አስቴር እንደገና ጮኹ። እውነትም መብራት መጥቶ ነበር። እኔና ባለቤቴ ግን ሮጠን ወጥተን ምሰሶውን አየን። ማንም የለበትም።

የእናንተስ ጀነሬተር የተሰካው የት ነው? ጻፉልኝ። መጀመሪያ ግን ወጣ ብላችሁ ምሰሶውን እዩት።