ሦስቴ እምቢ በዪ

በደርግ ዘመን «ልጅሽ ቀበሌ ትፈለጋለች» ሲባል እናት ቀድሞ የሚታያት እስር ቤት ነበር። እናቴ መልእክቱ የደረሳት ፒያሳ፣ ከምትሠራበት ኬክ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ሳለ ነው። ነጭ ገዋኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ ነጠላዋን ትታ ቁልቁል ሮጠች። ቀበሌው አዳራሽ ስትደርስ ከኪነት ቡድኑ ልጆች ጋር እስክስታ ስመታ አገኘችኝ። የተጠራሁት ለዘፈን ነበር፤ ቡድናችን ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ እንዲዘፍን ተመርጦ ኖሯል። እናቴ መጀመሪያ እልል አለች፤ ቀጥላ ስላስደነገጥኳት በኩርኩም አለችኝ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የቡድኑም አውጪ እኔ ነበርኩ። ጀርመን ይዘነው የምንሄደው ትልቁ ዘፈናችን የአጨዳ ዘፈን ነው። ሲጀመር አኮርዲዮኑ ጸጥ ይልና አውጪዋ ብቻዋን አንድ ረጅም ጥሪ ትለቃለች። ሃያዎቹ ተቀባዮች የሚነሱት ከሷ በኋላ ነው፤ ጥሪው ከተሰበረ ዘፈኑም የለም። ቦታውን ማንም አልሰጠኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ሰልፍ ቆሜ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ከታክሲ ጥሩምባ ጋር ጉሮሮ እየተፎካከርኩ ነው ያገኘሁት። የሰፈሩ ሰው ለየላት ብሎኝ ነበር። ትሕትና አላውቅበትም፤ በዚያ አዳራሽ ከኔ የሚበልጥ ድምፅ አልነበረም።

የምናርፈው ሆቴል ሳይሆን በየሰው ቤት መሆኑ ሲነገር እናቴ እንቅልፍ አጣች። ቀኑን ሙሉ ኬክ ስታቀርብ የምትውል ሴት ናት፤ ሰው ለምግብ ሲስገበገብ ማየት እንደ ሕመም ነው የሚሰማት።

«ስሚ» አለችኝ ሻንጣዬን እያሰረች። «ሲያቀርቡልሽ ዘለሽ እንዳትበዪ። ሦስቴ እምቢ በዪ። መጀመሪያ ጠግቤያለሁ፣ ሁለተኛም ጠግቤያለሁ። ‹በሞቴ፣ አፈር ስሆን› ብለው ሲያስምሉሽ ያን ጊዜ እጅሽን ትሰነዝሪያለሽ። ረሃብተኛ ልጅ ላከች አታሰኚኝ!»

«እሺ እማዬ» አልኳት። ቃሌን ሰጠሁ።

ጀርመን እንደ ገባን አንድ በአንድ ተከፋፈልን። እኔ የደረስኩት አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት ነው። ሴትዮዋ ወፍራም፣ ፊቷ ቀላ ያለ፣ የትራም ሾፌር ናት። ባልየው ከጋዜጣው ጀርባ ብዙም አይወጣም። አስተርጓሚ ሆኖ የተመደበልን እዚያው የሚማር ያገራችን ተማሪ ከአውቶቡስ ሳንወርድ ሁለት ቃል አስጠንቶን ነበር። «ናይን» እምቢ፣ «ዳንከ» አመሰግናለሁ።

ገና እንደ ተቀመጥኩ ሴትዮዋ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ራሷ የጋገረችውን የፕሪም ኬክ አመጣች። የኬክ ሠራተኛ ልጅ ነኝና ኬኩ ጥሩ ኬክ መሆኑን ከሩቅ አወቅኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ «ናይን፣ ዳንከ» አልኩ።

ፈገግ አለችና ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ተመልሳ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። በኛ አገር ሳህን ሄዶ አይቀርም። ከማድ ቤት የቁም ሳጥን በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ በቃ፣ ኬኩ ገባ። በማግስቱ ጧትም እንደዚያው፣ ማታም እንደዚያው። ሻይ ብቻ ሳይጠይቁ ስለሚቀዱልኝ አራት አራት ማንኪያ ስኳር እየጨመርኩ ጠጣሁ። እንዴት ያለ ስስታም ቤት ጣለኝ ብዬ በሆዴ አማሁ። ሆዴ ደግሞ ሌላ ነገር አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን ለልምምድ ስንገናኝ ልጆቹ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈዋል። ጋሼ የምንለው ሽማግሌው አስተማሪያችን አኮርዲዮኑን ጸጥ አደረገና በዓይኑ ጠቀሰኝ። ጥሪዬን ጀመርኩ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ተሰበረ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት፤ ይባስ ብሎ ገና ከመነሻው ቀረ። ጋሼ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ነገ ከሰዓት መድረክ ላይ ነን። ጧት ካልመጣልሽ ከኋላሽ ያለችው ታወጣለች» አለኝ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ቦታ ከእጄ ሲወጣ ታየኝና ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስመለስ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሐኪም ቆሟል። ለካ ቤታቸው ያሳረፉን ሰዎች ተጠራርተው «እነዚህ ልጆች ምን በሽታ ይዟቸው ነው የማይበሉት?» ብለው አመልክተዋል። ሐኪሙ በተራ ምላሳችንን አስወጥቶ አየና ምንም አላገኘም። አስተርጓሚው ተማሪ ግራ ቢገባው በአማርኛ ጠየቀን።

«ምን ሆናችሁ ነው የማትበሉት?»

አፉ የማያርፈው የወሎዬዎቹ ልጅ መለሰለት። «አላስማሉንማ!»

ተማሪው ሳቁ አሸንፎት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የቡድኑ መሪ ሆኖ የመጣው ካድሬ ግን አልሳቀም። እሱም ያረፈው ሰው ቤት ነው፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አይተንበታል። ተነስቶ ጃኬቱን አስተካከለና፣ «ጓዶች! ከዛሬ ጀምሮ ምግብ ሲቀርብ በመጀመሪያው እሺ ይባላል። ይህ መመሪያ ነው!» አለ። መመሪያውን ሲያወርድ ሆዱ ሲጮህ ከፊት የቆምነው ሰማን።

ያን ቀን ወደ ማረፊያዬ የተመለስኩት ቆርጬ ነው። ሴትዮዋ ድንችና እንቁላል፣ ከዚያ ያንኑ የፕሪም ኬክ ፊቴ አስቀመጠች። እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሻንጣዬን ስታስር ታየችኝ።

«ናይን፣ ዳንከ።»

ምላሴን ብነክሰው ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ ሳህኑን አንስታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዞረች። ተመልሳ ሳህኑን ከበፊቱ ይልቅ ወደኔ አስጠግታ አስቀመጠችው። እንደ ልማዴ በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ ከሽርጧ ኪስ ቁራጭ ወረቀት አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ፌርማታ እንደምትጠራ ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«በ… ሞ… ቴ!»

ተማሪው ለካ ከልምምዱ በኋላ በየቤቱ እየዞረ ጽፎ ሰጥቷቸዋል።

በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ባልየው ጋዜጣውን አጠፈ፣ ከሚስቱ እጅ ወረቀቱን ተቀበለ፣ «በሞቴ» አለና ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ቆረሰልኝ። የሱንም በላሁ፤ እሱን ደግሞ ለምን ላስቀይመው!

ጧት በልምምዱ ጥሪዬ ሳይነቃነቅ ወጣ፤ ጋሼ በጣቱ ወደ ቦታዬ ጠቆመኝ። ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ባለጥለት የባህል ልብሳችንን ለብሰን ተሰለፍን። አኮርዲዮኑ ጸጥ አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሴትዮዋን ከነሥራ ልብሷ አየኋት፤ ከትራሙ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ትንፋሼን ሳብኩና ለቀቅኩት። ጥሪዬ ወጣ፤ መሐል ላይ ደረሰ፣ አለፈ፣ ጣሪያውን ነካ፣ እዚያው ቆየ። ጠግበው ያደሩ ሃያ ልጆች ከኋላዬ ሲነሱ መድረኩ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፣ ድገሙልን አለ። እኛም እንደ ደንባችን ሁለቴ እምቢ ብለን በሦስተኛው ደገምንላቸው።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ጋሼ በቴፕ የቀዳውን ቀበሌው በሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። እናቴ ገዋኗን እንደ ለበሰች መጥታ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ጥሪው ሲያልቅ ወደኔ ዞረች።

«ምን አብልተውሽ ነው እንዲህ የጮህሽው?»

«የፕሪም ኬክ።»

«ሦስቴ እምቢ ብለሻል?»

«በሁለተኛው ‹በሞቴ› አለችኝ።»

«እሷ? ፈረንጇ? በአማርኛ?»

«በአማርኛ። ከወረቀት አንብባ።»

እናቴ በገዋኗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ጨዋ ሰው ናት» አለች። ከእናቴ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ ለማንም ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥላ በትከሻዬ ወደ ውስጥ ገፋችኝ።

«በይ ሂጂ፣ ድገሙት በያቸው። በሞቴ አለች በዪ።»