«ከእናትሽ ነው በያት»

ደዋይዋ ድሮ የሆቴል ስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ወረርሽኙ ሆቴሉን ሲያስዘጋው ጤና ቢሮ ቀጠራት፤ መቼም ሰውን ሳያስደነግጥ ክፉ ወሬ የሚያደርስ አንደበት እንደ ልብ አይገኝም። ሥራዋ ቤቷ ነው። ልብስ በምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ትከፍትና፣ ስልካቸው ከታመመ ሰው ስልክ አጠገብ የቆየባቸውን ሰዎች እየፈለገች «ከቤት እንዳይወጡ» ትላለች። ከማን እንደያዛቸው መንገር ግን ክልክል ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና አፏን ሰብስባ ትውላለች። ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንዱማ «አማቴ ናት አይደል? ብቻ እሷ ትሁን» ብሎ ሊለምናት ምንም አልቀረው።

ከሁሉም አንጀቷን የበሏት አንዲት እናት ነበሩ። ኮምፒውተሩ ላይ በሽታው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ፣ ከልጃቸው ወደ እሳቸው የተሰመረ ቀስት አለ። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቀድማ ታማ ጓዳ ተኝታለች። ደዋይዋ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ እማማ?» ስትላቸው፣ እሳቸው የራሳቸውን ሳል ትተው የልጃቸውን ትኩሳት ያወራሉ።

አምቡላንስ ሆስፒታል ሊወስዳቸው የመጣ ዕለት እናትየው ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ ከጠየቀችሽ፣ ከእናትሽ ነው የጀመረው በያት።»

«እማማ፣ እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም እኮ።»

«ግዴለም። እናትሽ ብላለች በያት።»

አልተመለሱም። ልጅቷ ግን ዳነች፤ ከቀብሩም በኋላ ደወለች። ድምጿ ሰልሏል።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ እህቴ። እኔ ነኝ አይደል የገደልኳት?»

ደዋይዋ ቀስቱን አየችው። መዋሸት ትችል ነበር። ክልክል ነው ብላ ማምለጥም ትችል ነበር፤ የቢሮው ደንብ ይህንኑ ነው የሚላት። ሆዷ ግን እሺ አላለም። ቀስቱን ያሰመረው ማሽን የሚያውቀው ሁለት ስልኮች አንድ ቤት ማደራቸውን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ኮምፒውተሩን ከደነችው።

«እናትሽ ሲሄዱ መልእክት ሰጥተውኛል። ‹ከጠየቀችሽ፣ ከእናትሽ ነው የጀመረው በያት› ነው ያሉኝ።»

ልጅቷ እናቷን ታውቃቸዋለች፤ እንዲህ ያለ ውሸት ለማን እንደሚዋሹ አልጠፋትም።

«ከእኔ እንደያዛት ታውቅ ነበራ?»

«አዎ የኔ እህት። እያወቁ ነው ያስታመሙሽ።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ደዋይዋም ስልኩን ሳትዘጋ አብራት አለቀሰች።