ለካድሬው ያስተማርኩት ፊዚክስ

ያሰሩኝ ስኳር ደብቀሃል ብለው ነው። አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሱቄ አንድ ኩንታል አገኙና «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስኳሩንም እኔንም በአንድ መኪና ጫኑን። ስኳሩ ከእኔ ቀድሞ ወጣ፤ በማን ሻይ ውስጥ እንደገባ አላየሁም፣ እገምታለሁ እንጂ።

ክፍሉን ከማየቴ በፊት አሸተትኩት። የበቆሎ መጋዘን ነበር፤ ነቀዙ ገና ከግድግዳው ስንጥቅ አልወጣም። ሰው ከሰው ተጣብቆ ተቀምጧል። አባ ኮዳዎች ከሐይቁ መጥተው ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ ጣሪያው ይንኳኳል። መጀመሪያ ሰሞን ዘበኛ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ለወፍ!

ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠኝ የፊዚክስ መምህር ነው። ውስጥ እግሩን ገርፈውት መቆም አይችልም፤ ግድግዳ ተደግፎ ያስተምራል። ተማሪው አንድ ነው፦ ወረቀት በትነሃል ተብሎ የገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ። ማትሪክ ደርሷል። ይፈታ አይፈታ የሚያውቅ የለም፤ መምህሩ ግን ፈተናው ነገ እንደሆነ ያጣድፈዋል።

«ቲቸር፣ የአሥራ ሁለተኛን መጽሐፍ ገና ሳልጀምረው እኮ ነው የያዙኝ።»

«አብዛኛውን ታውቀዋለህ። የድሮው ነው ልብስ ቀይሮ የሚመጣብህ።»

ጣሳዬን ከጋቢዬ ጠርዝ በተቀደደ ቁራጭ አሰረና ከራሱ በላይ አዞረው። «ብለቀው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ውጭ» አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

ለቀቀው። ጣሳው በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሄደና የተኛ ሰው ጉልበት መታ። ሰውየው ሁላችንንም ረገመን።

«የሚስበው ሲቀር ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አለ መምህሩ ለልጁ። «ይህን ዘጠነኛ ክፍል ተምረሃል። አሁን የተጨመረብህ መዞሩ ብቻ ነው። በጨርቁ ቦታ የምድርን ስበት አስገባ፣ ጣሳው ጨረቃ ይሆንልሃል። ቬክተርም ያው ነው። ሞመንተምም ያው ነው፣ እሱም መዞር ይጀምራል። ኢነርጂ ደግሞ የትም ክፍል ብትሄድ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ።»

«እንደ ስኳሬ» አልኩ። ጉልበቱን የተመታው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ።

አንድ ጠዋት ካድሬው አስጠራኝ። ድሮ ከሱቄ ሲጋራ በፍሬ የሚገዛ ልጅ ነው። አሁን ጠረጴዛ አለው፣ ጠረጴዛው ላይም በረጅም ገመድ የታሰረ የእስር ቤቱ ቁልፍ።

«ክፍላችሁ ውስጥ ስብሰባ አለ አሉ። መምህሩ ምንድን ነው የሚያስተምረው? ስብሰባ ነው በልና ዛሬ ቤትህ ግባ።»

ገበያው ገባኝ። ከእኔ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት። መምህሩ ግን ሌላ ግርፊያ የሚችል እግር አልቀረውም።

«እውነቱን ልናገር ጓድ?»

«ምንም ሳታስቀር።»

ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳሁና በገመዱ አዞርኩት።

«አንተ! አስቀምጥ!»

«ምንም ሳታስቀር አልክ እኮ ጓድ። ይኸው፣ ብለቀው ወዴት ይሄዳል?»

ሰው ሲጠየቅ መመለስ ልማዱ ነው መሰል፣ «ወደ ውጭ» ብሎ አመለጠው።

«ተሳስተሃል። እኔም ተሳስቼ ነበር። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»

ጥፊው ያኔ መጣ። ቁልፉን ወሰደብኝ፤ እኔ ግን ከጥፊው በኋላ ቬክተር ላይ ነበርኩ፣ ከሁለተኛው ጥፊ በኋላ ሞመንተም ላይ። ከዘጠነኛ ወደ አሥራ ሁለተኛ የሚያልፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አወረድኩለት። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ላይ ስደርስ ጠፋኝ።

«ይህቺን ረሳኋት ጓድ። ጠይቄ ልምጣ?»

«ውሰዱልኝ!» አለ።

ስመለስ ከንፈሬ አብጧል። ልጁ ብድግ አለ። መምህሩ ፊቴን ሳይሆን እጄን ያያል፤ የፈረመ እጅ መሆኑን ለማወቅ ይመስለኛል።

«ምን አልካቸው?»

«ሁሉንም።»

ጉልበቱን የተመታው ሰውዬ ፊቱን አዞረብኝ።

«እስከ ሞመንተም። የቻርጁን ረስቼው ነው የተመለስኩት። ድገምልኝ።»

መምህሩ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊት ለፊት አንድ ጥርስ ጎድሎታል። «በሁለት ቻርጆች መሃል ያለው ፎርስ የስበት ወንድም ነው» አለ። «ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፎርሱ ሩብ ይሆናል።» ከወትሮው ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እንዲሰማ። እኛም ጮክ ብለን ደገምንለት።

መምህሩን አንድ ከሰዓት ጠሩት። ጣሳዬን ለልጁ አቀብሎ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ በራሱ እግር ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ልጁና እኔ ተፈታን፤ እሱ በዓመቱ ተፈትኖ አለፈ።

እኔ አሁንም መናኸሪያ አጠገብ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እስክርቢቶ ሊገዙ መጥተው ፊዚክስ ከበደን ሲሉ የሱቄን ቁልፍ በገመዱ አዞርና «ብለቀው ወዴት ይሄዳል?» እላለሁ። አብዛኞቹ ወደ ውጭ ይላሉ።

«ካድሬውም እንደ እናንተ ነው ያለው» እላቸዋለሁ። «ቁጭ በሉ።»