ከካቡ በላይ ያሉት ችግኞች

ታናሽ ወንድሜ የደን ትምህርት ሊማር ባሕር ማዶ ተሻገረ ሲባል፣ በኛ መንደር ነገሩ በደንብ የገባው ሰው አልነበረም። እኔም ያው ነበርሁ። ዳዊት ደግሜ ወደ እርሻዬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። ሐኪም ይሆናል ወይም ዳኛ ይሆናል ቢሉን ደስ ባለን ነበር። ዛፍን ግን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይተን ከማደግ በቀር የሚማሩት ነገር መሆኑን የት እናውቃለን? አባታችን ሰው ሲጠይቃቸው «መንግሥት ያዘዘው ነው» ይሉና ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞሩት ነበር።

ወንድሜ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገር ውስጥ ጨርሶ፣ የሄደው ለሁለተኛው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ሲቀረው ወደ ሰቆጣ ተመለሰ። የቀረው ጥናት ነበር። መምህሩ «አገርህ ገብተህ ችግኝ ትከል፤ በጋውን እንዴት እንዳለፈው አጥንተህ ተመለስ» ብለውታል። ጥናቱ ካልሰመረ ዲግሪው የለም። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወንድሜ ነገር መደበቅ አይሆንለትም።

ከመንደራችን በላይ አንድ የተራቆተ ተረተር አለ። ሽማግሎቹ ለሱ ሲሉ ከከብት ከለከሉለት። በክረምት ጥድና ወይራ ተከልን፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠርን። መሐሉን ለሁለት የሚከፍል ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብም ካብን። ከካቡ በታች ያለው ችግኝ በጋውን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። ከካቡ በላይ ያለው ግን ከሰማይ ካልመጣለት ጠብታ አይነካውም።

«ወንድም ዓለም፣» አለኝ ሲያስረዳኝ፣ «ይህን ሁሉ ተራራ በእንስራ ማጠጣት አይቻልም። ያለ ውሃ በጋ የሚያልፈው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ካወቅን ግን አገራችንን ዋግን በዛፍ ማልበስ እንችላለን።» እጁን ወደ ተራራው ዘርግቶ፣ ዛፉ አሁኑኑ የሚታየው ይመስል ነበር።

ጎረቤታችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ለማንም የማይመለሱ። ከምንጭ ሲመለሱ እንስራቸውን እንዳዘሉ አጥሩ ጋ ቆም ይላሉ።

«እንዲያው ልጄ፣ የታችኞቹን እያጠጣህ የላይኞቹን የምትነፍጋቸው ምን በድለውህ ነው?»

«ፈተና ላይ ናቸው እናቴ።»

«ተፈታኙ አንተ መስለኸኝ! ይህን ሁሉ ዘመን ተምረህ ፈተናህን ለቅጠል ሰጠኸው?»

«ምን ላድርግ፣ እኔ ደከመኝ።»

«እነሱ ከወደቁሳ?»

«እኔም አብሬ ነዋ!» አለና ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

በጋው እየገፋ ሄደ። ከካቡ በላይ ያሉት ጠወለጉ፤ ጥዱ ጫፍ ጫፉን ቀላ። ወንድሜ በየማለዳው በክር ይለካቸዋል። አንዳንዱ ሲሞት ያዝናል፣ አንዳንዱ ሲጸና ይደሰታል። ሚያዝያ ላይ መምህሩ ለሌላ ጉዳይ ደሴ መምጣታቸውን ሰማና ሊያገኛቸው ተነሣ። እኔም በበቅሎ እስከ ኮረም ሸኘሁት፤ እስኪመለስ ዘመድ ቤት ቆየሁ።

በኛ አገር ሰው ለክርክር ወይም ለስለት ረጅም መንገድ ከሄደ፣ እርሻውን አረም አይውጠውም። ማንም ሳይጠራው የሚወጣ ደቦ አለ። ባለቤቱ የለምና ጠላም ንፍሮም አይጠበቅም። ሥራው ይሠራል፤ ሰውየው ሲመለስ ማንም አያነሣበትም። ይህን ሠራሁልህ ብሎ ማውራት ነውር ነው።

ስንመለስ ወንድሜ በቅሎዋን ሳያራግፍ ወደ ተረተሩ ወጣ፤ ተከተልሁት። ከካቡ በላይ ያለው ሁሉ ለምልሟል። ወይራው አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ለአፍታ ፊቱ በራ፣ ዝናብ ጥሎ መሰለው። ጎንበስ ብሎ ችግኙ ሥር ያለውን አፈር ሲጨብጥ ግን አፈሩ በጣቱ ላይ ጭቃ ሆነ። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት እንደ ደረቀ ነው።

ባልቴቷ ደጃቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ።

«ማን አጠጣው እናቴ?»

«ምኑን?» አሉ፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ። እንደ ወጉ ነው።

«እባክዎ ይንገሩኝ።»

«ከጠየቅህ እንግዲህ… ሁላችንም ነን። ቄሱ ሳይቀሩ እንስራ ተሸክመዋል፤ ተሸክመው አያውቁ፣ ግማሹን በቀሚሳቸው ላይ ደፉት። ምን እናድርግ ልጄ? አንተ የለህ፣ እነሱ ሊወድቁብህ! አሁን ማለፍህ ነው።»

ወንድሜ ከወገቡ ዝቅ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። በሰፈሩም እየዞረ ያንኑ አለ። ለማንም ጥፋታችሁ ነው አላለም።

ማታ ብቻችንን ስንሆን «ለመምህሩ ችግኙ ውሃ አልጠጣም ብትላቸው ማን አየ?» አልሁት። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ እንዲህ ቢያደርግ እኔ ደስታዬ ነበር።

«ያለ ውሃ ተረፈ ብዬ ብናገር፣ አንድ ቀን ሰው አምኖኝ ተራራ ሙሉ ይተክላል። ሁሉም ይደርቅበታል።»

ለመምህሩ የሆነውን ገለጠላቸው። አንድ ዓመት ጨመሩለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ስኮላርሺፑ ያልቃል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል ተባለ። ስለዚህ በክረምቱ አዲስ ተከልን። አሁን ሰፈሩ ሁሉ የካቡን ሕግ አውቆት ነበር፤ ሕፃን እንኳ በላይኛው በኩል አይተፋም።

ያ ክረምት ግን ሳይዘንብ ወጣ። ደመናው መጥቶ ተራራው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣና ይሄዳል። ገብሱ ሳያዘረዝር ቀረ። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ አልተጨነቀም፤ «እንዲህ ባለው ዓመት የሚተርፍ ዛፍ ካገኘሁማ የትም አይወድቅ» ይለኝ ነበር። የላይኞቹ ያለ ውሃ ሲሰነብቱ የታችኞቹ ውሃ ማግኘት አለባቸው፤ አለዚያ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም።

ጥቅምት ካለፈ ምንጩ ጠበበ፤ ከዚያ እንደ እንባ ሆነ። ሴቶቹ ከጎሕ ጀምረው ተሰልፈው ይውላሉ፤ አንዱ እንስራ እስኪሞላ ፀሐይ ትከርራለች። ላም ቀድማ ወደቀች፣ በኋላ አህያ። ወደ ወልዲያ መንገድ የሚወርደው ሰው በዛ። እኔና ወንድሜ ተራ እየጠበቅን ለችግኝ ውሃ እንቀዳለን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ያ ነው የከበደን።

አንድ ቀን ባልቴቷ ተራቸው ደርሶ ወንድሜን ከኋላ አዩት። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ና ልጄ፣ ቅደም። ዘንድሮ የተፈቀደላቸውን ብቻ ነው፣ አውቄያለሁ። የታችኞቹን።»

ወንድሜ እንስራውን ከጫንቃው አወረደና አጠገባቸው አኖረው።

«ይሄንንም ይሙሉት፣ ወስጄ ቤትዎ አደርስልዎታለሁ።»

«ፈተናውስ?»

«ቀርቷል እናቴ።»

«እኔ ነኛ የጣልሁህ፣ አምና።»

«ኧረ እርስዎ ምን አደረጉ! ዝናቡ ነው።»

ሁለቱም እንስራ እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ቆምን። ሰው ሁሉ ውሃውን ያይ ነበር።

በማግሥቱ ሽማግሎቹ ሳይጠይቁት ራሱ አጥሩን ከፈተ። ውስጡ የከብት ጥርስ ያላረፈበት ደረቅ ሣር ነበር። መቆም የቻሉት ከብቶች እየተደነቃቀፉ ገቡ፤ ሣሩንም፣ ወይራውንም፣ ከጥዱ የቀረውንም በሉ። ወንድሜ ከኔ ጎን ቆሞ አየ። የትኛው ቀድሞ ደርቆ እንደነበር እንኳ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ባልቴቷ ከልጃቸው ጋር ወደ ቆላ ወርደው እዚያው ቀሩ። የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ወንድሜ ሰቆጣ የርዳታ እህል ሲመጣ አስፋሪ ሆኖ ገባ፤ የፈረንጅ ቋንቋ ስለሚያውቅ ነው የወሰዱት። ባሕር ማዶ አልተመለሰም። ዝናብ ከመጣ በኋላ «እንትከል እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ለማን?» አለኝ። አነጋገሩ የንዴት አልነበረም፣ እንዲያው ጠፍቶበት ነው።

ተረተሩን ለእርሻ ተካፈሉት። ለኔም ትንሽ ደረሰኝና አረስሁት። አፈሩ ስስ ነው፤ ዝናብ ሲበረታ ታጥቦ ይወርዳል፤ ጓያም አያበቅል።